የሜንጎ ሸንጎና የሞምባሳ መንገድ
በኡጋንዳ፣ በካምፓላ በሜንጎ ኮረብታ የሚሰበሰበው የቡጋንዳ መንግሥት ሸንጎ ሉኪኮ፣ ንጉሡ ካባካ ሙቴሳ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዙ አገረ ገዥ በአንድሩ ኮኸን ትእዛዝ ወደ ለንደን መጋዛቸውን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ፌዴሬሽን የመዋጥንም ስጋት በልቡ አኑሮ፣ በ1960 መጨረሻ የቡጋንዳን ነጻነት ቢያውጅ፣ እንግሊዝ አዋጁን ሳትቀበለው ቀረች። እንደ እኔ አስተያየት የነገሩ ጽኑ ችግር ከመንበረ ክብሩ ይልቅ በመንገዱ ነበረ፤ ቡናውና ጥጡ የቡጋንዳ ሲሆን፣ ወደብ የሌላት በመሆኗ ሸቀጧ በባቡር በኬንያ ምድር አልፎ ወደ ሞምባሳ ይወርድ ነበርና፣ መለየት ማለት ስለ ቀረጥና ስለ ሐዲድ ከጎረቤት ጋር እንደ አዲስ መዋዋል ማለት ነበር። በ1966 የኡጋንዳው መሪ የኦቦቴ ጦር ቤተ መንግሥቱን ወረረ፤ ከቀድሞው ግዞት ተመልሰው የነበሩት ካባካም እንደገና ተሰደው በ1969 በለንደን አረፉ። የመንገዱና የቀረጡ ጉዳይ ግን በዚያ አላበቃም፤ በዚያችው በካምፓላ በ1967 ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ውል ተፈራረሙ፤ ማኅበረሰቡም በ1977 ፈረሰ።