የተበላ ክንፍ ምን ይናገራል? ስለ ቴፒና ሚዛን ተፈሪ የቡና ማጠቢያ ፓምፖች

የሚዛን ተፈሪና የቴፒ የቡና አገር ለረዥም ዘመን ፓምፕ ሳያስፈልገው ኖሯል፤ ቡናው በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ ይወጣ ነበርና። የታጠበ ቡና በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን እየተስፋፋ ሲሄድ ግን የጅረት ውሃ ወደ መፈልፈያው መሳብ ግድ ሆነ። እሸት ቡና ሳይፈለፈል ካደረ ስለሚበላሽ፥ በለቀማ ወራት ፓምፕ ቆመ ማለት የገበሬው ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የተጎዳውን ክፍል ከመለወጥ አስቀድሞ የጉዳቱን ምክንያት መመርመር እንደሚገባ ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጋሊሌኦ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ውሃ አልስብ ያለውን ፓምፕ እንዲጠግንለት ሠራተኛ ጠርቶ እንደ ነበር ይተርካል። ሠራተኛውም ጥፋቱ የፓምፑ ሳይሆን ከልክ በላይ የወረደው ውሃ መሆኑን ነገረው። (የዚህ ብልህ ሰው ስም አለመጠቀሱ ያሳዝነናል።) ቶሪቼሊ በ1644 አየር ክብደት እንዳለውና ፈሳሹን የሚገፋውም እርሱ እንደ ሆነ አስረዳ። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ክብደት ውሃን ከ10 ሜትር ጥቂት አሳልፎ ያነሣል፤ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ቴፒ ግን 9 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። በሥራ ላይ ደግሞ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው።

ፓምፑ ወደዚህ ልክ ሲጠጋ ወዲያው አይቆምም። በክንፎቹ መግቢያ ግፊቱ ስለሚያንስ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ የእንፋሎቱም አረፋ ግፊት ወዳለበት ሲደርስ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ብረቱን ይመታል። ይህን አስቀድመው የተማሩት የመርከብ ሰዎች ናቸው፤ ፓርሰንስ በ1895 ትንንሽ የመርከብ ማሽከርከሪያዎችን በውሃ ውስጥ እያሽከረከረ መረመረ፥ ሎርድ ሬይሊም በ1917 የአረፋውን መደርመስ ኀይል በስሌት አሳየ።

እንግዲህ ፓምፑ ሲፈታ ክንፉ በመግቢያው በኩል እንደ ሰፍነግ ተቦርቡሮ ከተገኘ፥ ሲሠራም ጠጠር የዋጠ ያህል ይንኳኳ ከነበረ፥ የሚጠረጠረው የመሳቢያው ከፍታ ወይም የተደፈነ ወንፊት ነው። ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ለስልሶ ከተፋቀ ከጎርፍ ጋር የመጣ አሸዋ ነው። ብረቱ ሁሉ እኩል ከሳሳ ተመላልሶ የሚሳበውን የቡና እጣቢ ኮምጣጣነት እንጠረጥራለን። ኩሽኔታው ብቻ ከተበላ መጀመሪያ የሚታየው የዘንጉና የሞተሩ መስመር ነው።

በዚህ አገር የመጀመሪያው ምልክት በተለይ ሊያሳስበን ይገባል። ለቀማው ሲገፋ ዝናቡ ያንሳል፥ ጅረቱም ይወርዳል፤ በክረምቱ ውሃ ልክ የተተከለው ፓምፕ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በመስከረም ደኅና የነበረው በኅዳር መንኳኳት ይጀምራል። አዲስ ክንፍ ቢገጠምለት ያው ይበላል። ፓምፑን አንድ ሜትር ወደ ውሃው ዝቅ ማድረግ ግን አካፋና ጥቂት ሲሚንቶ ብቻ ይጠይቃል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ እንዳይወስደው መልሶ ማንሣት ያስፈልጋል እንጂ።