የለጋሽ መቅኔና ሁለተኛው በሽታ

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኦክቶበር 15 ቀን 1958 ዓ.ም. በቤልግሬድ አጠገብ በሚገኘው በቪንቻ የአቶም ምርምር ጣቢያ ማብላያው ከቁጥጥር ወጥቶ ስድስት ሰዎች በጨረር ተመቱ። ወደ ፓሪስ ተወሰዱና ዶክተር ዦርዥ ማቴ ለአምስቱ ከፈረንሳውያን ለጋሾች የተቀዳ የአጥንት መቅኔ ሰጧቸው። አንዱ ሞተ፤ አራቱ ዳኑ። ወሬው በዓለም ተሰማ፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሚገባው በላይ ተወደሰ። የለጋሾቹ መቅኔ የሠራው ለጥቂት ጊዜ ነበርና፤ ከዚያ በኋላ ደም ያፈራላቸው የራሳቸው መቅኔ ነው። ያዳናቸው ልገሳው ነው ወይስ ተፈጥሯቸው የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል።

እውነተኛው አደጋ ግን አስቀድሞ በአይጥ ላይ ታይቶ ነበር። በጨረር መቅኔያቸው የጠፋባቸው አይጦች ከሌላ ዘር አይጥ መቅኔ ሲሰጣቸው ከጨረሩ ይተርፉና፣ ሰንበት ብለው ከስተው ይሞቱ ነበር። ሊቃውንቱ ይህን «ሁለተኛው በሽታ» አሉት። በኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚፈራው የበሽተኛው ሰውነት እንግዳውን አካል አልቀበልም እንዳይል ነው። በመቅኔ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መቅኔ የሰውነት ወታደሮች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚወለዱበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ እንግዳው ራሱ በባለቤቱ ላይ ይነሣል። ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣል፤ ጉበቱ ሲጎዳ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ አንጀቱ ሲቆስል ተቅማጥ ይጸናበታል።

ታዲያ ከመንታ ወንድም ቢወሰድስ? አሜሪካዊው ዶክተር ዶናል ቶማስ በ1957 ዓ.ም. መቅኔ ከሰጧቸው ስድስት ሕሙማን መካከል ከመቶ ቀን ያለፈ አልነበረም። በ1959 ዓ.ም. የደም ነቀርሳ ለያዛቸው ሰዎች ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮቻቸው መቅኔ ሰጡ፤ እንግዳው ጠብ አላነሣም፤ ነገር ግን ነቀርሳው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሰ። ማቴ ደግሞ በ1963 ዓ.ም. ስለ አንድ የደም ነቀርሳ ሕመምተኛ ጻፉ፤ ከዘመዶቹ የተሰጠው መቅኔ ያዘለት፤ ሁለተኛው በሽታ ክፉኛ አሠቃየው፤ ነቀርሳው ግን ጠፋ። በ1979 ዓ.ም. የቶማስ ባልደረቦች ከሲያትል እንዳስታወቁት፣ ሁለተኛው በሽታ ባገኛቸው ሕሙማን ነቀርሳው የሚመለሰው ካላገኛቸው ባነሰ መጠን ነው። የሚገድለውና የሚያድነው ያው አንድ ሠራዊት መሆኑ ነው!

የሐኪሙ ችግር ከዚህ ይነሣል። ሲክሎስፖሪንና ሜቶትሬክሴት የተባሉት መድኃኒቶች ይህን ጠብ ያበርዳሉ፤ ከልክ ካለፉ ግን ተላላፊ በሽታ ይገባል፣ ነቀርሳውም ሊያንሠራራ ይችላል። የለጋሽንና የተቀባይን ዝምድና ለመመርመር መንገድ የከፈተውን ምልክት ዶክተር ዣን ዶሴ ያገኙት በዚያው በ1958 ዓ.ም.፣ በዚያችው በፓሪስ ነው። ሆኖም በዚህ ምርመራ ፍጹም ተመሳሳይ ሆነው በተገኙ ወንድምና እኅት መካከል እንኳ ሁለተኛው በሽታ ይነሣል።