ከነቃሿ እስከ ቀዶ ሐኪሙ

በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ በዕድሜ የገፉ እናቶችን ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ድሪ መሰል ንቅሳት፣ ሲስቁም የጠቆረ ድድ ማየቱ አይቀርም። ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ነጭ ሆኖ እንዲያበራ ስንቷ ልጃገረድ አፏን ከፍታ ተወግታለች! ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወስና በእሾህ ወይም በመርፌ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ድዱ ይደማል፣ ያብጣል፤ ለቀናት እህል ማላመጥ ጭንቅ ነው። ቆዳ ተበስቶ መልክ ተለውጧልና፣ ለውበት ሲባል ገላን ማስነካት በአገራችን ትናንት የመጣ ነው የሚሉትን አላምናቸውም።

እኔን ከሕመሙ ይልቅ የሚገርመኝ የነቃሿ አመራረጥ ነው። እናቴ እንደምትነግረኝ፣ የልጅቷ ወላጅ መጀመሪያ የጎረቤቶቿን ግንባር ታያለች። መስቀሉ ቀጥ ብሏል ወይስ ተንጋዷል? ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ተበትኗል ወይስ እንደጸና አለ? የማን ልጅ ቁስል አመርቅዞ ሰነበተ? ነቃሿ የምትጠራው ከዚያ በኋላ ነው። እሷም ሥራዋ ከተበላሸ በሚቀጥለው አርብ ገበያው መሀል ከእናትየዋ ጋር መገጣጠሟ ስለማይቀር ተጠንቅቃ ትሠራለች። ይህ ሁሉ ግን የሚመዝነው መስመሩን ብቻ ነው። ያው መርፌ ሳይቀቀል ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ ሲዘዋወር፣ የጉበት በሽታም ሆነ ኋላ የመጣው ኤች አይ ቪ ለጎረቤት ዓይን አይታይም።

ዓይን የማያየውን የሚመሰክር ወረቀት ያስፈለገው ለዚህ ነው። በዘመናዊ ሕክምና እንዲህ ያለውን ወረቀት ቀድመው የያዙት ኢትዮጵያዊ የጎንደሩ ተወላጅ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ ጦር መኮንን ተወስደው ሕንድ አገር ላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ስኮትላንድም ተሻግረው ዕውቀታቸውን አስመሰከሩ።

ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሲባል ፕላስቲክ የሚከተት የሚመስላቸው አሉ። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ቅርጽ ከመስጠት ጋር የተያያዘ ነው። ሙያውም በእኛ አገር ሥር የሰደደው ለጌጥ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ያጎበጠውን ጣት ሲያቃና፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ደግሞ እሳት የበላውን ቆዳ ሲተካ ኖረዋል።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየማስታወቂያው አፍንጫ እናስተካክላለን፣ ቦርጭ እናጠፋለን ይባላል። ነጭ ጋዋን ሁሉንም አንድ ያስመስላል። ጠቅላላ ሐኪም የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ግን ከሕክምና ዲግሪ በኋላ ለዓመታት የሚማሩት ስፔሻሊቲ ነው። የሙያ ፈቃዱ ላይ የትኛው እንደተጻፈ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ፈቃዱን በሰጠው የጤና መሥሪያ ቤትም ማረጋገጥ ነው። ማደንዘዣውን ማን ይሰጣል? ሌሊት ደም ቢፈስ ስልኩን የሚያነሳው ማነው? ለዚሁ ጉዳይ ቱርክ ድረስ የሚሄደው ወገናችንማ በዚህ በኩል ይብስበታል። ስፌቱ ሲያመረቅዝ ቀዶ ሐኪሙ ኢስታንቡል፣ እሱ አዲስ አበባ ነው።

የሚያስቀው ደግሞ፣ ያን ያህል ሕመም የተከፈለበትን የግንባር መስቀል ዛሬ ገንዘብ ከፍለው በሌዘር የሚያስጠፉ መኖራቸው ነው። ሌዘሩ የቀለሙን ቅንጣት ይሰባብረዋል፤ ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ባንድ ቀን አያልቅም፤ በየሳምንታቱ ይደጋገማል። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ያልሠለጠነ እጅ ከያዘው መስቀሉ በነበረበት ቦታ ነጣ ያለ መስቀል ሊቀር ይችላል። እህቴ ልታስጠፋ ስትነሳ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፦ «እሱ ያጠፋላትን ሴት አይተሻል? ያውም ከዓመት በኋላ?» አላየችም ነበር። ቀጠሮውን አራዘመችው።