የካርቱም መስተንግዶ፦ ስለ አህጉራዊ ውድድር ወጪና ጥቅም

ሱዳን ነጻነቷን ካወጀች ገና 13 ወር ሲሆናት፣ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ርእሰ ከተማዋ ካርቱም በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ መቀበሏ፣ ስለ ታላላቅ ውድድሮች ወጪና ጥቅም የሚከራከሩ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እምብዛም የማያነሡት፣ ለእኛ ለአፍሪካውያን ግን ከብዙ የኦሎምፒክ ከተሞች ታሪክ ይልቅ የሚጠቅም ምሳሌ ነው።

ወጪውን እናስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1976 ኦሎምፒክን የተቀበለችው ሞንትሪያል ለስታዲየሟ የገባችበትን ዕዳ ከፍላ ለመጨረስ 30 ዓመት ሲወስድባት፣ ካርቱም እንግዶቿን ያስተናገደችው በአንድ ስታዲየም፣ በሁለት ግጥሚያና በአንድ ሳምንት ነበር፤ ግብፅ በየካቲት 3 ቀን ሱዳንን 2 ለ 1፣ በየካቲት 9 ቀንም ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች።

ይሁን እንጂ የዚያ መስተንግዶ ዋና ፍሬ ከሜዳው ይልቅ በጉባኤው አዳራሽ የተገኘ ነው። በየካቲት 1 ቀን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በዚያችው ከተማ ሲመሠረት፣ ከአራቱ መሥራቾች አንዷ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነጮችን ብቻ ወይም ጥቁሮችን ብቻ የያዘ ቡድን ካልሆነ አልልክም በማለቷ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ በአንድ ልብ ሆነው ከውድድሩ አገለሏት። በዚህም ብያኔ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልታደርገው የነበረው ግጥሚያ ቀርቶ፣ አስተናጋጂቱ ከተማ የመጀመሪያ ድግሷን በጎደለ ማዕድ አቀረበች። ይህን ጉድለት ከኪሣራ የሚቈጥር ቢኖር፣ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ያችኑ አገር ከቶኪዮ ጨዋታ ለመከልከል 7 ዓመት ዘግይቶ መነሣቱን ያስታውስ፤ ድኻና ጀማሪ የነበሩት ሦስቱ አገሮች ከባለጸጎቹ ቀድመው የሰውን ልጅ ክብር ከውድድሩ ምልአት ማስበለጣቸው፣ በእኔ ግምት ከማንኛውም የቱሪስት ገቢ የላቀ ትርፍ ነው።

የትርፉ አከፋፈል ግን ፍትሐዊ አልነበረም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1970 እንደገና አስተናግዳ፣ ጋናን በካርቱም 1 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ብታነሣም፣ የማኅበሩ መንበር የጸናው በግብፅ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማም ማኅበሩን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ወጪውን አንዲት ከተማ ስትሸከም፣ በረከቱ ለአህጉሩ ሁሉ ተዳረሰ። ስለዚህ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት የተጐሳቈለችው ካርቱም ዳግም በምትታነጽበት ጊዜ፣ ኮንፌዴሬሽኑ ከገቢው ከፍሎ ሜዳዎቿን እንዲያድስላት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥያቄውንም አስቀድማ ልታቀርብ የሚገባት፣ በዚያ ጉባኤ አብራት የተቀመጠችው ኢትዮጵያ ናት።