የቪቪየን ቶማስ ድርሻ በልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ልብ ቀዶ ሐኪሞች በቀላሉ የማይደፍሩት አካል ነበር። ከተፈጥሮ የልብ ጉድለት ጋር ተወልደው፣ በቂ ደም ወደ ሳንባቸው ባለመድረሱ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር ሕፃናት ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞቱ ነበር።

በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት ልብ ሐኪም ሄለን ታውሲግ ለሳንባ ተጨማሪ ደም የሚያደርስ መንገድ እንዲበጅ ሐሳብ አቀረቡ። ቀዶ ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክ ሐሳቡን ሲቀበሉ፣ ዘዴውን በቤተ ሙከራ በውሾች ላይ ሞክረው ያዳበሩት ረዳታቸው ቪቪየን ቶማስ ናቸው። ለኮሌጅ ያጠራቀሙት ገንዘብ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ የጠፋባቸው እኚህ ጥቁር አሜሪካዊ የሕክምና ትምህርት ቤት አልገቡም፤ በቀድሞው የሥራ ቦታቸው በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም የተመዘገቡት በጽዳት ሠራተኛነት ነበር።

ኅዳር 20 ቀን 1937 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ወደ ክንድ የሚሄደው የደም ቧንቧ ወደ ሳንባ ከሚሄደው ጋር ተሰፋ። ቶማስ ከብላሎክ ጀርባ በመቀመጫ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ስፌት ይመሩ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ስም ግን ለረጅም ጊዜ የብላሎክና የታውሲግ ብቻ ሆኖ ቆየ።

ቶማስ በቤተ ሙከራው ካሠለጠኗቸው ወጣት ሐኪሞች መካከል በኋላ ስመ ጥር የሆኑት ዴንተን ኩሊ ይገኙበታል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለቶማስ የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው።