«አቢሲኒያን» ድመት በእርግጥ የኛ ናት?



ወገል ጤና ላይ አይጥ ያስቸገረው ቤተሰብ ከጎረቤት የድመት ግልገል ለምኖ ያሳድጋል። አሁን ግን አንዳንድ ወጣቶች ስልካቸው ላይ «አቢሲኒያን» የምትባለውን እያሳዩን «የሀገራችንን ዘር ገዝተን እናስመጣ ወይስ የሰፈሩን እናሳድግ?» ይሉናል።

እስኪ ታሪኩን እንይ። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዙ ጀነራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ ተነስቶ፣ ይህንኑ የኛን ደላንታ አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ገባ። ብዙ ቅርስም ዘርፎ ተመለሰ። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው የድመት መጽሐፍ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ «ዙላ» የተባለች ድመት ከዚህ እንደተወሰደች ጽፏል። ስሙ የመጣው በዚህ ነው። ዝርያው ተመርጦ የተራባው ግን እዚያው እንግሊዝ ነው፤ የዘረመል ጥናትም መነሻውን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይጠቁማል። የሀገራችን የተባለው ስሙ እንጂ ዘሩ አይደለም ማለት ነው።

ወንድም እህቶች፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ከውዱእ ውሃቸው ድመት እንድትጠጣ ዕቃውን ዘንበል አድርገውላታል፤ ነጃሳ አለመሆኗንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተላልፈዋል። ዘሯን አልጠየቁም። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ደግሞ ለቅጣት መዳረጓን በሶሒሕ ሐዲስ እናውቃለን። የድመት ሽያጭ ላይ ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው፤ ጎረቤት በነጻ የሚሰጠን ግልገል ከዚህ ክርክርም ያወጣናል።

ስለዚህ የሰፈራችንን እንምረጥ። ጥያቄው «የቷ ታምራለች?» ሳይሆን «ያመጣናትን በየቀኑ እናበላታለን ወይ?» ይሁን።

ወላሁ አዕለም።