አፄ ካሌብ ዘውዱን ለምን አርቀው ሰደዱት?

ትናንት እዚሁ ገላን የእድራችንን ማኅተም አስረከብኩ። «ጋሼ፣ አንድ ዙር ይጨምሩ» ያላችሁኝ አትቀየሙኝ፤ ምክንያቴ ታሪክ ነው።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ካሌብ ለናግራን ክርስቲያኖች ብለው ባሕር ተሻግረው፣ ዛሬ የመን በምንለው አገር ሂምያርን ድል አደረጉ። ከዚያስ? ትውፊታችን እንደሚለው ዘውዳቸውን ኢየሩሳሌም ሰደው በጌታ መቃብር አሰቀሉት፤ እሳቸውም አክሱም አጠገብ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገብተው መነኑ።

ተማሪዎቼ ሳላችሁ «ለምን አርቀው ላኩት?» ስትሉኝ «ለምስጋና ነዋ» ብዬ አልፌ ነበር። አሁን ሌላም ይታየኛል።

እ.ኤ.አ. በ1954 መታተም በጀመረው በቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ሰውን የሚያበላሽ አስማተኛ ቀለበት አለ። ጠቢቡ ጋንዳልፍ ሲሰጡት እምቢ አለ። ክፋቱን ብቻ አይደለም የፈራው፤ ለደካማ አዝኖ ቢጠቀምበት ቀስ በቀስ እንደሚገዛው አውቆ ነው። ቀለበቱን ሊያጠፋ የተሸከመው ፍሮዶማ እሳቱ አፋፍ ደርሶ መጣል አቃተው።

እኔም አንዴ አዝኜ፣ ደንቡ በማይፈቅደው ወረቀት ላይ ማኅተም አሳርፌያለሁ። ሁለተኛው ቀለለኝ። ሦስተኛው ሳይመጣ መለስኩት፤ የሁለቱንም ወረቀቶች ነገር ለአዲሱ ሰብሳቢ ተናግሬያለሁ።